እንቅብ፣ ሳፋ፣ አሸዋና ጭቃ፦ በሕፃናት ማቆያ የስሜት ሕዋሳት ጨዋታ አዘገጃጀት

የሠራተኛ ሕጋችን ለወላድ እናት ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም የሕፃናት ማቆያ የማዘጋጀት ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ ብዙ ሕፃናት ወደ ማቆያ የሚገቡት ገና አራት ወር ሳይሞላቸው፣ አንገታቸውን በቅጡ ማጽናት ሲጀምሩ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የሚያዩት፣ የሚዳስሱትና የሚሰሙት ሁሉ እዚያች ክፍል ውስጥ ያለውን ነው። በብዙ ማቆያ ግን ግድግዳው በሥዕል ተሞልቶ ወለሉ ላይ የሚገኘው የፕላስቲክ ኳስና የፕላስቲክ መኪና ብቻ ነው። ፕላስቲክ ለዓይን ቀይም ይሁን ቢጫ፣ ለእጅና ለአፍ ግን ያው ነው። ሁሉም ቀላል፣ ሁሉም ልሙጥ፣ ሁሉም ሽታ አልባ ነው። ልጁ አንዱን ካወቀ ሌላውም ያው ስለሚሆንበት ቶሎ ይሰለቻል፤ እኛ ደግሞ «አመለኛ ሆነ» እንላለን።

ይህን ለመለወጥ ከውጭ የሚገባ መጫወቻ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ዕቃ መምረጥ፣ መጠኑን ማወቅና ልጁ ሲጫወት ዝም ማለት ነው። ከሦስቱ የሚከብደው ዝምታው ነው።

የእንቅብ ጨዋታ፦ ተደግፎ ከመቀመጥ እስከ መዳህ

ከ6 ወር ገደማ ጀምሮ መቀመጥ የቻለ፣ ግን ገና ያልዳኸ ልጅ ወደ ዕቃው መሄድ ስለማይችል ዕቃው ወደ እሱ መምጣት አለበት። በጣሊያንና በብሪታንያ ማቆያዎች የሠራችው ኤሊኖር ጎልድሽሚድ ልዩ ልዩ ዕቃ የሞላበት እንቅብ ለሕፃን የማቅረብን አሠራር ያስፋፋችው ለዚህ ዕድሜ ነው። ለእኛ ሀገር ደግሞ የተመቸ ነው፤ እንቅቡም ዕቃውም ከጓዳ ይገኛል።

እንቅቡ አፉ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ቁመቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ታቹ ዝርግ ይሁን። ልጁ ጠርዙን ሲደገፈው የሚገለበጥ ከሆነ አይሆንም። ጎኑ ከዚህ ከፍ ካለም ልጁ ውስጡን ማየት አይችልም። በውስጡ ከ30 እስከ 50 ዕቃ አድርጉበት፦ የእንጨት ማንኪያ፣ የብረት ማንኪያ፣ የሻይ ማጥለያ፣ የጀበና ማቶት፣ ትንሽ ቅል፣ አጭር ቀርከሃ፣ ከጡጫ የሚበልጥ የወንዝ ድንጋይ፣ ጫፉ የለሰለሰ የቀንድ ዋንጫ፣ የልብስ ብሩሽ፣ የቆዳ ቁራጭ፣ ጠርዙ የተሰፋ የነጠላ ጥለት፣ አንድ ሙሉ ሎሚ። ሎሚው በየቀኑ ይቀየራል። ዋናው ነገር ልዩነቱ ነው። ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ እንጨቱ ይሞቃል፣ ድንጋዩ ይከብዳል፣ ቅሉ ደግሞ ትልቅ መስሎ ቀላል ሆኖ ይገኛል።

እያንዳንዱ ዕቃ ከመግባቱ በፊት ይፈተሽ። ባዶ የሶፍት ካርቶን፣ ያንን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ጥቅል ውሰዱና ዕቃውን አስገቡበት። የሚያልፍ ሁሉ ጉሮሮ ሊዘጋ ስለሚችል ይወገድ። ቀጥሎ በሙሉ ጉልበታችሁ ጎትቱት፣ ከወገብ ከፍታ ወለል ላይ ጣሉት፣ ጠርዙን በምላሳችሁ ሳይቀር ፈትኑት። ሲኒ ይሰበራል። በክር የተሰካ ዶቃ ክሩ ይበጠሳል። ጭራ ደግሞ ማራኪ ቢሆንም ፀጉሩ ይነቀልና በሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ስለሚችል አይግባ። ቀለሙ የሚላጥ ዕቃና ከቁርጥራጭ ብረት የቀለጠ አሉሚኒየም እርሳስ ሊኖራቸው ስለሚችል ለአፍ አይሆኑም። ባትሪ ያለበት ማንኛውም ነገር ከክፍሉ ይውጣ፤ ትንሿ ክብ ባትሪ ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ትችላለች።

ጊዜው ልጁ ተኝቶ ከተነሣና ከጠባ በኋላ ነው። የራበው ወይም እንቅልፍ የመጣበት ሕፃን አይመረምርም። ሁለት ወይም ሦስት ሕፃናት እንቅቡን ከብበው ይቀመጡ፣ ያልጠና ወገብ በትራስ ይደገፍ፣ አንዲት ሞግዚት እጇ ከሚደርስበት ቦታ ትቀመጥ። ስልክ አይያዝም። ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃል።

የሰባት ወር ሕፃን ማጥለያ ሲያነሣ ቀረብ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ እጀታውን ይይዝና ጨብጦ ይቆያል። ወደ አፉ ይወስደዋል፣ ከንፈሩ ወንፊቱ ላይ ሲያርፍ ግንባሩ ይቋጠራል፤ ሻክሮታል። ያወጣዋል፣ ያየዋል፣ ያንኑ ቦታ መልሶ ይልሳል። ወደ ሌላኛው እጁ ያዛውረዋል። ሳያስበው ከድንጋዩ ጋር ሲጋጭ «ቂው» ይላል፤ ይደነግጣል፣ ዞሮ እናንተን ያያል። እዚህች ላይ ፈገግታችሁ ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ ራሱ፣ አሁን ሆን ብሎ፣ ይደግመዋል። ያ ድጋሚ «እኔ ሳደርግ ይሆናል» ማለትን የተማረበት ነው። በዚያ ቅጽበት «ጎበዝ! ይሄ ምንድን ነው?» ብላችሁ ከገባችሁ ዓይኑ ከዕቃው ይነቀላል፣ ጨዋታውም ይፈርሳል። አፉ ውስጥ መክተቱም ክፉ ልማድ አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ ከንፈርና ምላሱ ከጣቶቹ ይልቅ አጥርተው ይለያሉ።

ልጁ ዝም ብሎ ከተቀመጠ አትቸኩሉ፤ አምስት ደቂቃ ማየትም ሥራው ነው። ፊቱን ካዞረ፣ ወገቡን ወደ ኋላ ከለጠጠ፣ ካዛጋና ጡጫውን ከጨበጠ ግን በቅቶታልና አንሡት።

ውሃ

መቆም ከቻለበት ጊዜ አንሥቶ ውሃን የሚያህል ጨዋታ የለም። አንድ ትልቅ ሳፋ ለአራት ልጅ ከምታቀርቡ ሁለት መካከለኛ ሳፋ ለየሁለት ልጅ አቅርቡ፤ የግፊያውና የንክሻው ግማሽ የሚመጣው ከቦታ ጥበት ነው። የውሃው ጥልቀት ከ5 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። ይህም ቢሆን ሕፃን ለመስጠም ይበቃዋል፤ ስለዚህ ሳፋው አጠገብ ያለችው ሞግዚት ሌላ ሥራ የላትም። ዳይፐር ለመቀየር መነሣት ካለባት ውሃው አስቀድሞ ይደፋ።

የአዲስ አበባ የጠዋት ውሃ ይቀዘቅዛልና ለብ አድርጋችሁ በክርናችሁ ፈትኑት፤ ክርን ምንም ካልተሰማው ልክ ነው። ኩባያ፣ ጆግ፣ ማጥለያ፣ ስፖንጅና ታቹ በምስማር የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ስጧቸው፤ የተቆረጠ ጠርዝ ካለ በፕላስተር ይሸፈን። ከ12 እስከ 18 ወር ያለ ልጅ ሃያ ጊዜ ይሞላል፣ ሃያ ጊዜ ይደፋል። እሱ ያንን ሲያደርግ አዲስ ነገር አትጨምሩበት። ሁለት ዓመት የሆነው ደግሞ የትኛው እንደሚሰጥምና እንደሚንሳፈፍ ራሱ መለየት ይጀምራል። ቃላቱን በአጭሩ ስጡት፦ «ሞላ»፣ «ፈሰሰ»፣ «ሰጠመ»። ረጅም ማብራሪያ በዚህ ዕድሜ ጫጫታ ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ብዙ ማቆያዎች ይህን ጨዋታ የሚተዉት ብክነት መስሏቸው ነው። ሁለቱ ሳፋ ተደምሮ ከ15 ሊትር ብዙም አይበልጥም፤ ሲያበቃ ለመጸዳጃ ቤት ወይም ለአትክልት ይውላል። ለሌላ ቡድን ግን አይተላለፍም፣ ተቅማጥ የያዘው ልጅም በዚያ ሳምንት አይሳተፍም።

አሸዋና ጭቃ

የግንባታ አሸዋ እንዳለ አይሆንም። የወንዝ አሸዋ ግዙ፤ ከተፈጨ ድንጋይ የሚወጣው ደቃቅ አቧራ ሳንባ ይጎዳል። በወንፊት ንፉት፣ በባልዲ ውስጥ እያማሰላችሁ ድፍርሱ ውሃ እስኪጠራ አምስት ስድስት ጊዜ እጠቡት፣ በሸራ ላይ በፀሐይ አድርቁት። 60 በ40 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሣጥን 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ለመሙላት 20 ሊትር፣ ማለትም 30 ኪሎ ያህል ይበቃል። ሲያበቃ ሁልጊዜ ይከደን፤ ድመት ያልተከደነ አሸዋ አታልፍም፣ ከዓይነ ምድሯም ትላትል ወደ ልጅ እጅ ያልፋል። አሸዋ የሚበተነው ደረቅ ሲሆን ነው። ትንሽ ውሃ አርከፍክፉበት፣ ይያያዛል፣ ወደ ዓይንም አይነሣም። ዓይኑ ውስጥ የገባበት ልጅ እንዳያሽ እጁን ይዛችሁ በንጹሕ ውሃ እጠቡለት።

ከሁለት ዓመት በላይ ላሉት ሸክላ አፈር ስጡ። ከሸክላ ሠሪዎች የሚገዛው ጥሩ ነው። ጓሉን ከቤት ውጭ ፈጭታችሁ፣ ነፍታችሁ፣ ሌሊቱን በውሃ ዘፍዝፉት፤ በማግሥቱ ከእጅ እስኪላቀቅ እሹት። ለአንድ ልጅ ብርቱካን የሚያህል ድቡልቡል ይበቃል። ከተጣበቀ ውሃው በዝቷልና በጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ አጠንፍፉት፤ ከተሰነጠቀ እጃችሁን አርጥባችሁ መልሳችሁ እሹት። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በፌስታል ቢያስሩት ለሳምንታት ይቆያል። መጨበጥ፣ መጠፍጠፍና ማድበልበል ኋላ እርሳስ የሚይዙትን ጡንቻዎች ያጠነክራል። የገጠር ልጅም ከጭቃ በሬ እየሠራ ሲያድግ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በብዙ ቦታ ከጭቃ ይልቅ ሩዝ፣ ምስርና የስንዴ ሊጥ ይመከራል። እኛ አንመክርም። እህል በእኛ ቤት የሚከበር ነው፤ ቤቱ የጎደለበት ወላጅ መጥቶ ወለል ላይ የተረገጠ ምስር ማየት የለበትም። የጤናም ምክንያት አለ። ጥሬ ዱቄት ሆድ የሚያውኩ ተሐዋስያን ሊይዝ ይችላል፣ በሊጡ የሚጨመረው ጨው ለሕፃን ብዙ ነው፣ ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ይመርዛል፣ ሽምብራና አተር አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባሉ። በግቢያችሁ ጉሎ ካለ ንቀሉት፤ ፍሬው ሲያብረቀርቅ ልጅን ይማርካል፣ ታኝኮ ከተዋጠ ግን ሊገድል ይችላል። ውሃ ሲነካው የሚያብጠው ባለቀለም ጄል ኳስም ሆድ ውስጥ አብጦ አንጀት ስለሚዘጋ በፍጹም አይግባ።

ለሽታ ደግሞ ክዳናቸው የተበሱ ትናንሽ የፕላስቲክ ዕቃዎች ውስጥ ኮረሪማ፣ ቅርንፉድ፣ የተቆላ ቡና፣ በሶብላ ለየብቻ አድርጉ፤ ከክዳኑ ሥር ስስ ጨርቅ ይወጠር፣ ክዳኑም በማጣበቂያ ይታሸግ። ቀድሞ በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ የነበረበት ዕቃ ቢታጠብም አይሆንም፤ ከጣት ወደ ዓይን ይሄዳል።

መንካት የማይፈልግ ልጅ

ጭቃ ሲያይ እጁን ወደ ኋላ የሚሸሽግ ልጅ ሁሌም አለ። እጁን ይዞ መንከር ትልቅ ስሕተት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጭቃውን ብቻ ሳይሆን እናንተንም ይሸሻል። ማንኪያ ስጡት፣ በማንኪያው ይንካ። በሚቀጥለው ቀን ደረቅ አሸዋ፣ ሌላ ቀን እርጥብ አሸዋ አቅርቡለት። ብዙዎቹ በሁለት ሦስት ሳምንት በአንድ ጣት ይጀምራሉ። ለወራት ካልተለወጠ፣ ምግብና ልብስም ላይ እንዲሁ ከሆነ፣ ወይም ለድምፅ የማይዞር ከሆነ ያያችሁትን ለወላጆቹ ንገሩና የሕፃናት ሐኪም እንዲያየው ምከሩ። የበሽታ ስም እናንተ አታውጡለት።

ማጽዳትና ወላጅ

ዕቃው በየቀኑ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል። በሳምንት አንዴ፣ በተቅማጥ ጊዜ ደግሞ በየቀኑ፣ ውሃ የማያበላሸው ሁሉ 5 በመቶ በረኪና ከሆነ በ1 ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሊትር ተበጥብጦ ለ10 ደቂቃ ይዘፈዘፍ፣ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ፣ በፀሐይ ይድረቅ። በረኪና ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀልም። እንቅቡ፣ ቆዳውና እንጨቱ አይዘፈዘፉም፤ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውለው ፀሐይ ይመታቸዋል። የተሰነጠቀ ወይም የሻገተ ይጣላል።

«ልጄ ቆሽሾ ጠበቀኝ» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው አስቀድሞ ስላልተነገረ ነው። በምዝገባው ቀን አንድ ያረጀ ቲሸርትና አንድ ቅያሪ ልብስ እንዲያመጡ ንገሩ፣ የጭቃው ቀን የትኛው እንደሆነም በር ላይ ለጥፉ። ለእያንዳንዱ ልጅ በደብተር ሁለት መስመር ጻፉ፦ ምን አነሣ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ። ማታ እናቱ ስትመጣ «ደህና ዋለ» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ማጥለያውን ከድንጋዩ ጋር አጋጭቶ ድምፁን ሲሰማ ደጋገመው» በሏት።