መብራት በሚሄድበት ከተማ የሲኤንሲ ፕሮግራም አጻጻፍ

መጀመሪያ ቶርኖ ቤት ግቡ። በእጅ በሚነዳ ማሽን ጥቂት ወራት ብረት ሳትቆርጡ የሲኤንሲ (ኮምፒውተር የሚነዳው መቁረጫ ማሽን) ፕሮግራም እጽፋለሁ ማለት ለእኔ ችኮላ ነው፤ ተግባረ ዕድ ተማሩ አምስት ኪሎ ለውጥ የለውም። ኮዱ እኮ አይከብድም። ጂ00 በፍጥነት መሄድ፣ ጂ01 እየቆረጡ ቀጥ ብሎ መሄድ፣ ጂ02 እና ጂ03 ዞሮ መቁረጥ ነው፣ በሳምንት ይለመዳል። ብረቱ ሲጮህ ምን ማለቱ እንደሆነ የሚገባችሁ ግን አጠገቡ ስትቆሙ ብቻ ነው።

ከመርካቶ ምን አለሽ ተራ የመጣ ብረት ወረቀት የለውም። ሞረድ አምጡና ጫፉን ሞክሩት። ሞረዱ ከያዘ ለስላሳ ነው፣ ከተንሸራተተ ግን የጠነከረ ነውና መቁረጫችሁን ይበላዋል። ለለስላሳ ብረት በካርባይድ (በጣም ጠንካራ ቅይጥ) መቁረጫ በደቂቃ 100 ሜትር የመቁረጥ ፍጥነት ጥሩ መነሻ ነው። 100ን በ1000 አባዙና በ3.14 እና በመቁረጫው ዲያሜትር (በሚሊሜትር) አካፍሉት፤ 10 ሚሊሜትር ከሆነ በደቂቃ 3180 ዙር ገደማ ይመጣል። ባለ 4 ጥርስ ከሆነና ለአንድ ጥርስ 0.05 ሚሊሜትር ከሰጣችሁ ፊዱ (መቁረጫው ብረቱ ላይ የሚጓዝበት ፍጥነት) በደቂቃ 636 ሚሊሜትር ይሆናል። ከተጠራጠራችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ።

ነጥብ አትርሱ! አንዳንድ ፋኑክ ኮንትሮል (ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር) ላይ ኤክስ10 ብላችሁ ነጥብ ካላደረጋችሁ 10 ሚሊሜትር ሳይሆን 10 ማይክሮን አድርጎ ያነበዋል፣ እንደ ማሽኑ ሴቲንግ።

አሁን ወደ መብራቱ። መብራት ሲሄድ ስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚያዞረው ዘንግ) ይቆማል፣ መቁረጫው ብረቱን እንደነከሰ ይቀራል። ሲመጣ ብዙ ሰው ይቸኩልና ፕሮግራሙን ካቆመበት መስመር ያስነሳዋል፤ ማሽኑ ግን ጠፍቶ ሲነሳ ከላይ የተሰጠውን ትዕዛዝ ረስቶታል፣ ስፒንድሉ በስንት ይዞር እንደነበር ወይም የመቁረጫው ርዝመት መታሰቡን አያውቅም፣ እናም ዝም ብሎ ሄዶ ዕቃውን ከያዘው መንጋጋ ጋር ሊላተም ይችላል። ስለዚህ ስትጽፉ እያንዳንዱ መቁረጫ ራሱን ችሎ እንዲነሳ አድርጉ። ጂ90 (ከዜሮ እየለኩ መሄድ) ጂ54 (የዕቃው ዜሮ፣ ልኬቱ የሚጀምርበት ነጥብ) ጂ40 ጂ80 (ከበፊቱ የቀረ ማካካሻና የመብሻ ዙር ማጥፊያ) ብላችሁ ጀምሩ፣ ከዚያ ቲ1 ኤም06 (መቁረጫ መቀየር)፣ ቀጥሎ ኤስ3180 ኤም03 (ስፒንድሉን ማዞር)፣ ከዚያ ጂ43 ኤች1 ዜድ50. (የመቁረጫውን ርዝመት አስቦ ከፍ ብሎ መቆም)። ለቀጣዩም መቁረጫ የራሱን ቁጥሮች ሰጥታችሁ ሁሉንም ድገሙት። ፋይሉ ይረዝማል። ይርዘም።

መብራት ሲመለስ በመጀመሪያ ዜድን (የላይና ታች እንቅስቃሴውን) ብቻ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አውጡ። ኤክስና ዋይን (የጎንዮሽ እንቅስቃሴዎቹን) እስከዚያ አትንኩ። መቁረጫው ጫፉ እንዳልተሰበረ እዩ፣ ማሽኑ ሆም (ወደ ራሱ መነሻ ቦታ መመለስ) ከጠየቀ ስጡት፣ ከዚያ ከዚያው መቁረጫ መጀመሪያ አስነሱት። ትንሽ ደቂቃ አየር ይቆርጣል፣ ምንም አይደል። የእንጨትና የማስታወቂያ ቤቶች ራውተር ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ኮምፒውተሩ በዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በሚይዘው ባትሪ) ስላልጠፋ አትታለሉ፤ ሞተሮቹ ቦታቸውን ስተው ሊሆን ይችላል፣ ዜሮውን እንደገና ያዙ። (ለዚህ ነው ዜሮን የሚቆረጥ ጥግ ላይ አታድርጉ የምለው፤ ከተቆረጠ በኋላ በምን ታገኙታላችሁ?)

አዲስ ፕሮግራም ስታስነሱ የዜድን ዜሮ 50 ሚሊሜትር ከፍ አድርጋችሁ በባዶ አስኪዱት። ከዚያ መልሱትና መስመር በመስመር፣ ፈጣኑን እንቅስቃሴ 25 ፐርሰንት ላይ አድርጋችሁ፣ እጃችሁን ከማቆሚያው ቁልፍ ሳታነሱ። አለቃ «ቶሎ በል፣ ሰውዬው ቆሟል» ቢልም አትስሙት፤ መቁረጫው ሲሰበር ተጠያቂው እናንተ ናችሁ።

ያለቀውን ፋይል ፍላሽ ላይ በዕቃው ስምና በቀኑ አስቀምጡ፣ ዜሮው የት እንደተያዘም ፕሮግራሙ አናት ላይ በቅንፍ ጻፉ። ደንበኛው ከወራት በኋላ ያንኑ ዕቃ ሰብሮ ይመጣል።