በመሃል አዲስ አበባ የኢንዲ ፖፕ ኮንሰርት ምሽትን እንዴት በሚገባ ማሳለፍ ይቻላል?

ቲኬቱን አስቀድመው በቴሌብር ይግዙና የተላከልዎትን ኮድ ስክሪንሾት አድርገው ያስቀምጡ፤ በር ላይ ሰው ሲበዛ ኔትወርክ አይታመንም። ሰዓቱን ደግመው ያንብቡ፤ የውጭ አገር የባህል ተቋማት በሚያዘጋጁት ምሽት ላይ 7፡00 የሚል ጽሑፍ ቢያዩ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1፡00 ሊሆን ስለሚችል ደውለው ያረጋግጡ።

ትልቁ ጉዳይ የሚቆሙበት ቦታ ነው። ኢንዲ ፖፕ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ብሪታንያ ውስጥ ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ በሚያሳትሙ ባንዶች እጅ ያደገ፣ ዜማውና ግጥሙ የሚደመጥለት ሙዚቃ ስለሆነ፣ ዘፋኙ የሚለው ካልተሰማ ምሽቱ ይጎድላል። ብዙው አድናቂ ግን በሩ እንደተከፈተ ወደ መድረኩ ሥር ይሮጣል። በትንሽ አዳራሽ እዚያ ጎልቶ የሚሰማው ከበሮውና የጊታሩ አምፕሊፋየር ነው፤ የዘፋኙ ድምፅ የሚወጣው በመድረኩ ግራና ቀኝ ከቆሙት ስፒከሮች በመሆኑ፣ መሃል ፊት ላይ የቆመውን ሰው በጎንና በጎን ያልፈዋል። ጥግ መያዝም አይበጅም፤ ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ እዚያ ተከማችቶ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

የተሻለው ቦታ ከሳውንድ ማኑ ጠረጴዛ ሁለት ሦስት እርምጃ ቀደም ብሎ፣ መሃል ላይ ነው፤ ምክንያቱም ባለሙያው ድምፁን የሚያስተካክለው እሱ ቆሞ በሚሰማው ልክ ነው። ሄድፎኑን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ዓይኑን ከዘፋኙ ሳይነቅል፣ በአንድ ጣቱ የማይኩን ድምፅ በጥቂቱ ወደ ላይ ሲገፋ ለውጡ ወዲያውኑ ይሰማዎታል። መክፈቻ ባንዱን ብዙዎች ይንቁታል፤ እኔ ግን አዳራሹን ለመፈተኛ ከእሱ የተሻለ ጊዜ አላውቅም። እየተዘዋወሩ ያዳምጡ፣ ግጥሙ ጥርት ብሎ በተሰማዎት ስፍራ ይርጉ። እንደ ግዮን ሆቴል ግቢ ባለ ሜዳ ላይ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ ስለሌለ፣ ትንሽ ቀረብ ማለት ይመከራል።

ፊት ካልቆምኩ ካሉ ጆሮዎን ይሸፍኑ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመዘኛ፣ በሙዚቃ ዝግጅት ላይ የድምፅ መጠን በአማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይላል። ጥጥ መወተፍ ከይስሙላ አያልፍም። ስፖንጅ መሰኪያ ይከላከላል፣ ነገር ግን ቀጫጭኑን ድምፅ አብዝቶ ስለሚያፍን፣ ለሙዚቀኞች የተሠራው ቢወደድም ይመረጣል።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አዳራሹ ውስጥ ቢያልብዎትም ውጭው ይበርዳል፤ ወገብ ላይ የሚታሰር ስስ ጃኬት ይያዙ። በስልክ መቅረጽ ካሻዎት አንድ ዘፈን ይብቃዎት፤ ከኋላዎ የቆመው ሰውም ከፍሎ ነው የገባው።

ለመመለስ የራይድ ወይም የፈረስ ታክሲ የሚጠሩት በሩ ላይ ቆመው አይሁን፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚጠራ መኪናው ይዘገያል፣ ሾፌሩም ከሕዝቡ መካከል አያገኝዎትም። ከሌሎች ሰዎች ጋር ሆነው መብራት ወዳለበት ዋና መንገድ ይውጡ፣ ስታዲየም አካባቢ ከሆኑ ሾፌሩ የሚያውቀው ሕንፃ ፊት ለፊት ይቁሙና ከዚያ ይጥሩ፤ ከመሳፈርዎ በፊት ታርጋውን ያመሳክሩ።