የደቡብ ሕንድ ፊልም ከየት ይጀመራል?

ዱባይ ስሠራ አንድ ክፍል የምንጋራው ባልደረባዬ ከደቡብ ሕንዷ ግዛት ከኬረላ የመጣ ሰው ነበር። «ሕንድኛ ፊልም ትወዳለህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «የእኛ ቋንቋ ማላያላም ነው» አለኝ። አኩርፎ ነበር፤ እውነቱንም ነው። ከዚያ በኋላ በየዓርቡ ያስተማረኝን ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ፊልሙ በየትኛው ቋንቋ እንደተሠራ እወቁ። ታሚሉ ቼናይ ይሠራል፣ ቴሉጉው ሃይደራባድ፣ ማላያላሙ ኬረላ፣ ካንናዳው ቤንጋሉሩ (ከሀገሩ ካናዳ ጋር አይምታታባችሁ)። እጃችን የሚገባው ቅጂ ብዙ ጊዜ የሂንዲ ድምፅ የተለጠፈበት ነው። የተዋናዩ ከንፈር ተዘግቶ ንግግሩ ከቀጠለ አቁሙት፤ የድምፅ ምርጫውን ከፍታችሁ ወደ ፊልሙ ቋንቋ መልሱትና ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ አንብቡ። የማላያላሙን ተዋናይ ሞሃንላልን በሌላ ሰው ድምፅ መስማት ግማሹን ትወና መጣል ነው።

እኔ የምመክረው እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የዳይሬክተር ጂቱ ጆሴፍ የማላያላም ፊልም «ድሪሽያም» መጀመር ነው። ሞሃንላል የሚጫወተው ጆርጅኩቲ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ፣ ለመንደሩ የኬብል ቴሌቪዥን የሚዘረጋ ሰው ነው፤ ቢሮው ውስጥ ፊልም ሲያይ ያመሻል። ለረጅም ጊዜ ሚስቱና ልጆቹ ገንዘብ ሲጠይቁት፣ እሱ ሲቆጥብ፣ ሻይ ቤት ሲቀመጥ ብቻ ታያላችሁ። ሰልችቷችሁ ወደፊት እንዳታሳልፉት። የሻይ ቤቱን አካባቢ በዓይናችሁ ያዙት፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።

የሕንድ ፊልም መሐል ላይ እረፍት አለው፤ ዳይሬክተሩም ታሪኩን የሚጽፈው ያንን እያሰበ ነው። ቤት ውስጥም እዚያው ላይ አቁሙና ሻይ አፍሉ። ፊልሙን በዘፈቀደ ቆራርጣችሁ ብታዩት ያ ሁሉ ድካም ይባክናል።

ከዚያ ወደ ዳይሬክተሩ ራጃሙሊ ፊልሞች እለፉ። «ባሁባሊ» በቴሉጉና በታሚል የተቀረጸ ነው፤ የ2015ቱ ክፍል ካታፓ የተባለው ታማኝ አገልጋይ ጌታውን ለምን እንደገደለ ሳይነግረን አለቀ። መልሱን እስከ 2017 ጠበቅን፤ ሁለተኛው ክፍልም ከ1,000 ክሮር ሩፒ በላይ በማስገባት ከሕንድ ፊልሞች የመጀመሪያው ሆነ። አንድ ክሮር 10 ሚሊዮን ስለሆነ፣ ይህ 10 ቢሊዮን ሩፒ ነው። የገቢ ዜና ስታነቡ ግን ቁጥሩ የምን እንደሆነ ለዩ፦ ጠቅላላ የትኬት ሽያጭ ነው፣ ወይስ ታክስና የሲኒማ ቤቱ ድርሻ ተቀንሶ ለአከፋፋዩ የሚደርሰው? አድናቂዎች የአንዱን ፊልም ጠቅላላ ሽያጭ ከሌላው የተጣራ ድርሻ ጋር እያወዳደሩ ሲጣሉ ማየት ያሳዝነኛል።

አንድ ወር ቆይታችሁ ደግሞ ጂቱ ጆሴፍ ራሱ «ድሪሽያምን» በታሚል መልሶ የሠራበትን «ፓፓናሳም» እዩ። ዋናው ሰው እዚያ ካማል ሃሳን ነው። ታሪኩን አውቃችሁታልና አሁን ፊቱን ብቻ ተከታተሉ፤ ከሁለቱ አባቶች የትኛውን እንዳመናችሁ ያኔ ትለያላችሁ። እኔ ሞሃንላልን ነው ያመንኩት፤ ባልደረባዬም ያን ቀን ራት ጋበዘኝ።