ላልወርዝ ኮቭን «እሳተ ገሞራ ነው» ከማለታችሁ በፊት

ከለንደን ሦስት ሰዓት ያህል ነድተን፣ መኪና አቁመን፣ ቁልቁለቱን ወርደን ገና ውሃው ሲታይ አንድ ሰው ይጮኻል፦ «ውይ፣ ሆራን አይመስልም?» በየጉዞው አንድ አይጠፋም።

ወገኖቼን ወደ ላልወርዝ ኮቭ፣ ደቡብ እንግሊዝ ዶርሴት ዳርቻ ላይ ወዳለው ትንሽ ክብ ወሽመጥ፣ ይዤ መሄድ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። የምሰማቸው ስህተቶች ግን ያው ናቸው። እስቲ ልዘርዝራቸውና ይውጣልኝ።

ክብ የሆነ ሁሉ የእሳተ ገሞራ አፍ አይደለም

ይመስላል፣ አልክድም። ክብ ውሃ፣ ዙሪያውን ገደል፣ በአንድ በኩል ጠባብ በር። ቢሾፍቱ ላደገ ሰው ሌላ ነገር አይመጣለትም። እኔም ያደግኩት እዚያው ነው። መጀመሪያ የመጣሁ ቀን፣ ያውም ጂኦሎጂ ተምሬ፣ አብሮኝ ለነበረው ጓደኛዬ «ይሄ የፈነዳ ነው» ብዬ በልበ ሙሉነት አስረድቻለሁ። እስካሁን ይስቅብኛል።

የቢሾፍቱ ሐይቆች ሆራና ባቦጋያ የቀለጠ አለት ከታች መጥቶ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ፣ ፍንዳታው የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው። ላልወርዝ ገደል ላይ ግን አንዲት ንብርብር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የለም። ያለው ሁሉ በባህር፣ በሐይቅና በወንዝ የተነጠፈ ኖራ፣ ሸክላና አሸዋ ነው።

ታዲያ ክቡን ማን ሠራው? ቅርጹን ተዉትና የድንጋዩን ተራ ቁጠሩ። ከባህሩ በር ጀምራችሁ ወደ ውስጥ። በሩ ላይ ግራና ቀኝ የቆመው ፖርትላንድ የሚባለው የኖራ ድንጋይ ነው። ለንደን ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የተሠራው በዚሁ ዓይነት ድንጋይ ነው። ጠንካራ ነው። ከኋላው ፐርቤክ የሚባለው ይከተላል፤ እሱም ኖራ ይበዛዋል፣ ግን ይለሰልሳል። ከዚያ ዊልደን ይመጣል፦ ሸክላና አሸዋ፣ በጣት የሚፈረፈር። ቀጥሎ ስስ የአረንጓዴ አሸዋ ንብርብር አለ። መጨረሻ ላይ እንደ ግድግዳ የተገተረው ነጩ ጠመኔ ነው።

ባህሩ የፊቱን ግንብ መስበር ነበረበት። ከየብስ የሚወርደው ጅረት ሳያግዘው አልቀረም፤ ዛሬም ወደ ወሽመጡ ይገባል። አንዴ በሩ ከተከፈተ በኋላ ሸክላው ምን አቅም አለው? ሞገዱ ጠባቡን በር እንዳለፈ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዘረጋል፣ እንደ ማራገቢያ። ሸክላውን በየአቅጣጫው ይበላዋል። ጠመኔው ጋ ሲደርስ እርምጃው ይዘገያል። ክቡ የመጣው ከዚህ ነው። የዛሬ ቅርጹን የያዘውም የመጨረሻው የበረዶ ዘመን አልፎ ባህሩ ከፍ ካለ ወዲህ፣ ባለፉት 10,000 ዓመታት ገደማ እንደሆነ ይገመታል። በምድር ዕድሜ ትናንት ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ይህን ሁሉ አልቦኝ ሳስረዳ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲያዳምጡኝ የቆዩ እናት አቋረጡኝ። «የፊት ጥርሱ ወልቆ ድዱ ተበላ አትልም እንዴ!» ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ነው የምለው።

የፈተና ደብተር ይዞ መምጣት

ይሄ እዚህ ተወልደው ያደጉትን ልጆች ይመለከታል። ትምህርት ቤት «ጠንካራው ድንጋይ ወደ ባህር ይገፋል፣ ለስላሳው ወሽመጥ ይሆናል» ተብለዋል። ትክክል ነው፣ ግን እዚሁ ዳርቻ በስተምሥራቅ ላለው ለስዋኔጅ። እዚያ ንብርብሮቹ ባህሩን በጫፋቸው ነው የሚገጥሙት፣ ጠንካራውም ለስላሳውም ጎን ለጎን። ላልወርዝ ላይ ግን ጎናቸውን ሰጥተው ከባህሩ ጋር ትይዩ ተኝተዋል። ጠንካራው ከፊት፣ ለስላሳው ከኋላ ተደብቆ። ልዩነቱ ይኸው ነው፣ ፈተናም ላይ ይመጣል።

ወሽመጡ ለምን ትንሽ እንደሆነ ለሚጠይቅም መልሱ እዚሁ አለ። ላልወርዝ ላይ ሸክላው ጠባብ ሆኖ ነው የሚወጣው። ወደ ምሥራቅ ወርባሮ የሚባለው ወሽመጥ ጋ ሸክላው ይሰፋል፣ ወሽመጡም አብሮ ይሰፋል።

«ከታች ያለው ነው የሚያረጀው» ማለት

ንብርብሩ ጠፍጣፋ ሲሆን ነው እንጂ! እዚህ ወደ ሰሜን አጋድሏል። ስለዚህ ዕድሜውን የምታነቡት ወደ ላይ በማንጋጠጥ ሳይሆን በእግር በመሄድ ነው። በሩ ላይ ያለው ድንጋይ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። የኋላው ጠመኔ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በታች ነው። ሻይ ሳይቀዘቅዝ 50 ሚሊዮን ዓመት ትሻገራላችሁ።

ያጋደለው ደግሞ በአንድ ቀን የመሬት መንቀጥቀጥ አይደለም። አፍሪካ አውሮፓን ስትገፋ፣ የአልፕስ ተራሮች የተነሱበት ያ ግፊት ቀስ በቀስ እዚህ ድረስ ደርሶ ነው። ጋቢ ከአንድ ወገን ሲገፋ እንደሚሸበሸበው። ዋናው መታጠፍ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። በዚያው ዘመን ገደማ የኛ ደጋ ጥቁር ድንጋይ ከምድር ውስጥ እየፈሰሰ ነበር። ይህን ስነግራቸው ሆራ ያሉት ሰዎች ትንሽ ይጽናናሉ።

ባልጩት

ዳርቻው ላይ ጥቁር፣ ስለታም ስብርባሪ ድንጋይ ታገኛላችሁ። «ባልጩት! አላልኩም እሳተ ገሞራ ነው?» እዚህ ላይ ቋንቋችን ያሳስተናል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባልጩት የምንለው የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው። ይሄኛው ጠመኔው ውስጥ የበቀለ ነው፣ ስፖንጅን ከመሰሉ የባህር እንስሳት አጽም ከመጣ ሲሊካ። ጠመኔው ሲፈርስ ባልጩቱ ይቀራል። መዶሻ ይዞ ገደሉን መቀጥቀጥ ግን የለም።

ገደል ሥር ምሳ መዘርጋት

ነፋሱ ኃይለኛ ነው። መጠለያው ያለው ገደሉ ሥር ነው። ስለዚህ ሁሉም እዚያው ይሄዳል። አንድ ቅዳሜ እኔ ውሃው ዳር ስቀባጥር ሰዎቹ ጠመኔው ሥር ትሪ ዘርግተው ቆዩኝ። ወጡ ገና ሳይፈስ ጠጠር ይንጠባጠብ ጀመር። እንጀራው ላይ አረፈ። እንዴት እንደጮኽኩ አላስታውስም፤ ትሪውን ተሸክመው መሮጣቸውን ብቻ አስታውሳለሁ። የወደቀው የአውራ ጣት ያህል ነበር። ገደል ግን በጠጠር ጀምሮ በጠጠር ላያበቃ ይችላል። በአውሮፓውያኑ 2012 በዚሁ ዳርቻ፣ በርተን ብራድስቶክ ላይ፣ ናዳ ወርዶ አንዲት ወጣት ሞታለች። ከዝናብ በኋላ ደግሞ ሸክላው ራሱ ይንሸራተታል። ራቅ ብላችሁ ብሉ፣ ነፋሱን ቻሉት።

ለጫማው ነገር አንድ ቃል፦ ተረከዝ አይሆንም።

ቀን ሳያጣሩ መነሳት

ከወሽመጡ በስተምሥራቅ የጥንት ደን ቅሪት አለ። ጉልላት የሚመስሉ የድንጋይ ቀለበቶች ናቸው። የዳይኖሰር ጎጆ አይደሉም፤ በዛፍ ግንድ ዙሪያ ጥቃቅን ተሕዋስያን የገነቧቸው ናቸው። ግንዱ የነበረበት መሀሉ ባዶ ቀርቷል። ያ ቦታ ግን በጦር ሠራዊት ተኩስ መለማመጃ ውስጥ ነው። በሥራ ቀን ሰው ጭኜ ሄጄ፣ ቀይ ባንዲራ ተሰቅሎ፣ በሩ ተዘግቶ ተመልሻለሁ። የኔ ጥፋት ነበር። የመኪናውን ኪራይም እኔው ከፈልኩ።

ስቴር ሆልን ማለፍ

ሰው ወሽመጡን ፎቶ አንስቶ፣ ደርድል ዶር ወደሚባለው የድንጋይ ቅስት ይሮጣል። በስተምዕራብ ጥቂት ደቂቃ የምታስኬደውን ስቴር ሆልን ማንም አያያትም። እዚያ ባህሩ የፖርትላንዱን ግንብ በቀዳዳ በቀዳዳ ሰርስሮ ገብቷል። ከኋላው የፐርቤኩ ንብርብር ተጠማዞ ይታያል፣ ሸክላውም መናድ ጀምሯል። ላልወርዝ በልጅነቱ እንዲህ ነበር ማለት ነው። እኔ አሁን ጉዞውን ከዚህ ነው የምጀምረው።

እኚያን እናትም በሚቀጥለው ጊዜ እዚያ ወሰድኳቸው። አጥሩን ተደግፈው ቁልቁል ትንሽ አዩ። «ይሄኛው» አሉ፣ «ገና መነቃነቁ ነው።»