ከሥራ ጎን ለጎን መጽሐፍ ሲጽፉ አቅምን እንዴት መቆጠብ ይቻላል?

ከመደበኛ ሥራ ጋር መጽሐፍ የጀመረ ሰው መሃል መንገድ ላይ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ሐሳብ ነጥፎበት አይደለም፤ የስድስት ወሩን ጉልበት በመጀመሪያው ወር ስለሚጨርሰው ነው።

መጀመሪያ የቀን ልክዎን ያውጡ። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ስንት ቃል እንደጻፉ ይመዝግቡ። ልክ የሚሆነው ከሥራ ደክመው የገቡበት ቀን ቁጥር ነው፤ የተሻለው ቀን ያታልላል። 300 ቃል ከሆነ በሳምንት 5 ቀን 1,500 ይሆናል፤ 40,000 ቃል ያለው ረቂቅም 27 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ሲሶውን ይጨምሩ፤ መብራት ይጠፋል፣ ልጅ ይታመማል፣ ለቅሶ ይመጣል። ለአሳታሚ የሚነገረው 36 ሳምንት ነው።

ሰዓቱ ጠዋትም ሆነ ማታ አይቀያየር። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የዕለቱን ጽሑፍ በሚያቆምበት ቦታ ላይ ነው። ምዕራፍ ዘግቶ መነሳት ደስ ይላል፤ በማግሥቱ ግን ባዶ ገጽ ይጠብቃል፣ ግማሽ ሰዓትም «ከየት ልጀምር» በማለት ያልቃል። ስለዚህ ቀጥሎ የሚሆነውን እያወቁ ያቁሙ። ገጸ ባሕሪዋ በሩን አንኳኩታ ማን እንደሚከፍትላት ካወቁ፣ እዚያው ይተዉትና ከሥሩ «ወንድሟ ይከፍታል፤ ደብዳቤውን ደብቋል» ብለው ይጻፉ። ማስታወሻው ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ ከረዘመ ትዕይንቱ ራሱ እዚያው ተጽፎ ያልቅና ለነገ የሚተርፍ ጉጉት አይኖርም። ሌላም ጥቅም አለው፤ ወረቀት ላይ የሰፈረ ሐሳብ «እንዳልረሳው» እያሰኘ አልጋ ድረስ አይከተልም። ብዕሩ የሞቀ ቀን ሩብ ሰዓት ይጨምሩ፣ ከዚያ በላይ ግን አይሂዱ፤ የዛሬ 1,000 ቃል የነገውንና የከነገ ወዲያውን ይበላል።

ሲጽፉ አያርሙ። በሃሌታው «ሀ» ነው በሐመሩ «ሐ» እያሉ መዝገበ ቃላት ማገላበጥ ሥራ የሠሩ ያስመስላል እንጂ ገጽ አይሞላም። የተጠራጠሩት ቦታ ላይ ሦስት ኮከብ አድርገው ይለፉ፤ በእርማት ጊዜ ኮምፒውተሩ ፈልጎ ያወጣዋል።

ያመለጠ ቀን ዕዳ አይደለም። ሦስት ቀን ሳይጽፉ ቀርተው በአራተኛው 1,200 ቃል ለማካካስ መነሳት የሚያስከትለው አምስተኛውንም መዝለል ነው። የዕለቱን 300 ብቻ ይጻፉ፤ የሚገፋው የማብቂያው ቀን ይሁን።

በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል አርቀው ይመልከቱ፤ ዓይን ያርፋል። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ቡና ይቅር። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ የ12 ሰዓቱ በረካ ከሌሊቱ 5 ሰዓትም አብሮዎት ነው። (ማታ ያለ ቡና አልጽፍም የሚል ሰው ሰዓቱን ወደ ንጋት ቢያዞር ይሻለዋል።)

አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግመው እያነበቡ ካልገባዎት፣ ጥርስዎን ነክሰው ከተገኙ ወይም ፋይሉን መክፈት ከከበደዎት፣ ለአንድ ሳምንት ልኩን በግማሽ ይቀንሱ። እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ጽሑፉን አስቀምጠው ሐኪም ያማክሩ።