የጣራ ውሃ ጉድጓድ ለጎንደር ጓሮ

የአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚሳብ ውሃ ለጥምቀት ይሞላል፣ ከዚያ ይለቀቃል። የውሃው መግቢያና መውጫ አስቀድሞ የታሰበበት ነው። ክረምቱ ዘግይቶ ሲገባና ቀድሞ ሲወጣ የሚያድን የጓሮ ጉድጓድም የሚበላሸው እነዚህ ሁለቱ ሲዘነጉ ነው።

በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ፣ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ፣ ከ1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ 32,000 ሊትር ይሰጣል። ለመጠጥና ለወጥ በቀን በሰው 4 ሊትር ቢታሰብ፣ አምስት ሰው ለ8 ደረቅ ወራት 4,800 ሊትር ይበቃዋል። ስለዚህ የውስጥ ስፋቱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.8 ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ውሃው 1.6 ሜትር ላይ ሲደርስ 5,000 ሊትር ይሆናል። አራት ማዕዘኑ ጥጉ ላይ ይሰነጠቃል።

ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት አብጦ ግንቡን ይገፋል። ጠጣር መሬት እስክታገኙ ውረዱ፣ በግንቡና በአፈሩ መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ሙሉ። በጥምቀተ ባሕሩ ግንብ ላይ የተጠመጠሙት ሥሮች ያምራሉ፤ የእናንተን ጉድጓድ ግን ስለሚሰነጥቁት ከትልቅ ዛፍ ራቁ። ከሽንት ቤትም ቢያንስ 15 ሜትር።

ለልስኑ አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ጋር አቡኩና ሁለት ጊዜ ለስኑ። 7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ካልሸፈናችሁት ፀሐይ ቶሎ አድርቆ ይሰነጥቀዋል። የነገሥታቱ ግንብ በኖራ ተሠራ ብላችሁ በኖራ ብቻ አትለስኑ፤ ተራ ኖራ የሚጠነክረው በአየር ነው፣ ውሃ ውስጥ አይጸናም።

ዋናው ነገር መግቢያው ነው። ለጎንደር ከተማ ውሃ የሚሰጠውን የአንገረብን ግድብ ያጠበበው ደለል ነው፤ የእናንተንም ይሞላዋል። አሸንዳው በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ይዘቅዝቅ። የግንቦትን የመጀመሪያ ዝናብ፣ የበጋው አቧራና የወፍ ኩስ ያለበት ነውና፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ልቀቁት። ዝናቡ ለቀናት ቆይቶ በመጣ ቁጥርም የመጀመሪያውን 40 ሊትር፣ ሁለት ጀሪካን ያህል፣ አታስገቡ። ከጉድጓዱ በፊት 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 60 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ሳጥን ገንቡ፤ መውጫው ከወለሉ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ አሸዋው ከታች ይቀራል። ከባድ ዝናብ ባባራ ቁጥር ጥረጉት።

ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ማስተንፈሻ ከመግቢያው ቧንቧ አይጥበብ፤ ከጠበበ ውሃው በክዳኑ ወጥቶ ግንቡን ከውጭ ይሸረሽራል። አፉ ላይ የወባ ትንኝ የማያሳልፍ ወንፊት እሰሩ። ከመጠጣታችሁ በፊት አፍሉት።