የእቴጌ እሌኒን ታሪክ ልትጽፉ ነው? እንግዲያው እንዲህ ጀምሩ

ኢንተርኔት ላይ «ንግሥት እሌኒ» ብላችሁ ስትፈልጉ የምትመጣላችሁ መስቀሉን ያስቆፈረችው የቆስጠንጢኖስ እናት ናት። የኛዋን፣ የኢትዮጵያዋን እቴጌ ከፈለጋችሁ «ሐዲያ» ወይም «ዘርዓ ያዕቆብ» የሚል ጨምሩበት።

ከዚያ ነገሥታቱን በተርታ ጻፉ። ዘርዓ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468፣ በእደ ማርያም እስከ 1478፣ እስክንድር እስከ 1494፣ በዚያው ዓመት ለጥቂት ወራት ሕፃኑ ዳግማዊ ዓምደ ጽዮን፣ ናዖድ እስከ 1508፣ ቀጥሎ ልብነ ድንግል። ቁጥሩ በፈረንጅ ነው፣ ከኛ አቆጣጠር ጋር እንዳይደባለቅባችሁ። እሌኒ በስሟ የሚጠራ ዘመነ መንግሥት የላትም። ግን እነዚህን ሁሉ አይታለች፣ ስለዚህ ዕድሜዋን የምትከተሉት በነሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚደናገረው የማን ሚስት ነበረች የሚለው ላይ ነው። የሐዲያ ገዢ ልጅ ናት። አንዳንዱ ለበእደ ማርያም ይድራታል፣ ምክንያቱም ትልቅ ማዕረግ የሰጣት እሱ ነው። እኔ ግን የአባቱ የዘርዓ ያዕቆብ ሚስት ነበረች ከሚሉት ጋር ነኝ። የበእደ ማርያም እናት በአባቱ ትእዛዝ ተደብድባ ነው የሞተችው፣ እሌኒን እንደ እናት ቢያያት አይገርምም። ዜና መዋዕሉ መጽሐፍ አዋቂነቷን፣ ሕግ አዋቂነቷንና የምግብ ሙያዋን አንድ ላይ ያወድሳል። የምግቡን ነገር እንዳትዘሉት። ቤተ መንግሥት ውስጥ ግብር ማብላት ራሱ ፖለቲካ ነው።

ሰፊ ቦታ የምትሰጡት ግን ለደብዳቤው ነው። ልብነ ድንግል ገና ልጅ ነው፣ አገሩን የምትመራው እሷ ናት፣ እና በ1509 ገደማ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ አስይዛ ትልካለች። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ መርከብ ከናንተ፣ ስንቅና ወታደር ከኛ፣ ቀይ ባሕርን አብረን እንያዝ። ማቴዎስ ሕንድ ውስጥ ፖርቱጋሎች የያዟት ጎዋ የደረሰው በ1512 ነው። ፖርቱጋሎቹ አስመሳይ ነው ብለው ጠረጠሩት፣ በመርከብም አንገላቱት፣ ሊዝበን የገባው በ1514 ነው። የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ ሲደርሱ ደግሞ 1520 ሆኗል፣ ልጁ አድጎ ራሱ ይገዛል፣ ማቴዎስም ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

ከመልእክተኞቹ ጋር የመጣውን ቄስ አልቫሬዝን አንብቡ። እሌኒ የሞተችው እሱ እዚህ እያለ ነው፣ ሕዝቡ እናትም አባትም ነበረችን እያለ እንዳለቀሰላትም ጽፏል።

በመጨረሻ ጎጃም፣ መርጡለ ማርያም። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራችው እሷ ናት፣ ግን በግራኝ ጦርነት ጠፍቷል፣ ኋላም ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ቦታው ላይ ገንብተዋል። ፎቶ አንስታችሁ «የእሌኒ ሥራ» ብላችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት የትኛው ድንጋይ የማን እንደሆነ አጣሩ።